ሁለት ጆሮ ያነሰው ትውልድ

ተፈጥሮ ለእያንዳንዳችን ሁለት ጆሮ ሰጥታን ነበር። በቂ መስሏት ይሆናል። ለፊልምና ለጌም የጆሮ ማዳመጫ የሚገዛው የዘመናችን ሰው ግን እንዲህ ባለ ቁጠባ የሚሸነገል አይደለም፤ ሱቅ ገብቶ ካርቶን ሲያገላብጥ ዓይኑ የሚፈልገው «7.1» የሚለውን ጽሑፍ ነው። ሰባት ድምፅ ማጉያ ከአንድ ቤዝ ጋር፣ ለሁለት ጆሮ። እሰየው! ማዳመጫው ቢፈታ አብዛኛውን ጊዜ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ብቻ እንደሚገኝ፣ የቀረው ሁሉ በሶፍትዌር ስሌት የሚፈጠር የአቅጣጫ ስሜት እንደሆነ የሚነግረው ቢመጣ ምቀኛ ነው። ስሌቱንማ ዊንዶውስም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፃ ይሠራዋል፤ ፕሌይስቴሽን 5ም ማንኛውም ባለገመድ ማዳመጫ መቆጣጠሪያው ላይ ከተሰካ የራሱን ስሌት አይነፍግም። ነገር ግን በነፃ የተገኘ ነገር ካርቶን ላይ በወርቃማ ቀለም አይጻፍም፤ ካልተጻፈ ደግሞ እንዴት ይሰማል?

ሻጮቻችንም ለዚህ አስተዋይ ደንበኛ የሚመጥኑ ናቸው። መገናኛ አካባቢ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ተመልከቱ። ሻጩ ማዳመጫውን በደንበኛው ጆሮ ላይ ከማድረጉ በፊት ገመዱን ይሰካና መብራቱን ያበራል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ቤዙ ደረት ይመታል» ይላል። ደንበኛው ራሱን ይነቀንቅና አንዲት ድምፅ ሳይሰማ ዋጋ መከራከር ይጀምራል። መብራቱ የሚበራው በገዛ ጆሮው ላይ ስለሆነ እርሱ ፈጽሞ ሊያየው እንደማይችል እንኳ አያስጨንቀውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአባቶች አነጋገር በባትሪ ሲሠራ ያየነው በዚህ ዘመን ነው።

ካርቶኑ ላይ «ከ5 እስከ 40,000 ኸርዝ» የሚልም አለ። ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚለካበት ነው፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ ከ20 እስከ 20,000 ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋም ከላይ በኩል እየጎደለ ይሄዳል። ትርፉ ጣሪያ ሥር ለተጠለሉት የሌሊት ወፎች ይሆናል፤ እነርሱም ጎረቤት ናቸው።

አድናቆቴ የሚጸናው ግን ኦም ላይ ለደረሱት ሊቃውንት ነው። የጀርመኑ ኩባንያ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለውን ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ሠርቶ ሸጧል። ኦሙ የሚነግረን ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን እምቢታ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የበለጠ ቮልት ይጠይቃል። 32ቱ ስልክ ላይ ለሚሰካ፣ 250ው የስቱዲዮ መሣሪያ ላለው ሰው የተሰናዳ ነው። ተራ ሰው «እኔ የምሰካው የት ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው 250 ከ32 እንደሚበልጥ አንደኛ ክፍል ተምሯል፤ የተማረውንም አልዘነጋም። ገዝቶ ስልኩ ላይ ሲሰካው ተዋናዮቹ በሙሉ የሚንሾካሾኩ ይመስላሉ። «ጥራት ያለው ነገር አይጮኽም» ይልና በማግሥቱ የማዳመጫውን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ፣ አምፕሊፋየር ፍለጋ ይወጣል።

ለእርሱስ አምፕሊፋየሩ እውነተኛ ችግር ይፈታል፤ ስለዚህ ብዙ አላመሰግነውም። ሙሉ ውዳሴ የሚገባው 32 ኦም ማዳመጫ ይዞ ሁለት ዋት አምፕሊፋየር ከውጭ ለሚያስመጣው ጀግና ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የድምፅ ጩኸት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 1 ሚሊዋት ሲደርሰው 100 ዴሲቤል ገደማ የሚያወጣ ማዳመጫ ብርቅ አይደለም፤ ይህን ያህል ኃይል ተራ ስልክም አያቅተውም። ኃይሉ እጥፍ በሆነ ቁጥር 3 ዴሲቤል ይጨመራል። ሁለት ዋት 2,000 ሚሊዋት ነውና ድምፁ 133 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ማዳመጫው አስቀድሞ ካልተቃጠለ ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። እስከ 133 ድረስ በዚሁ መንገድ ብትወርዱ የቀረችው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ታንሳለች። የሳምንት ድርሻን በአንድ ሰከንድ መጨረስ! ሥራ የሚበዛበት ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

እርግጥ ባለቤቱ ማዞሪያውን ከመጀመሪያዋ ነጥብ አያሳልፋትም። የቀረው ኃይል ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ እንደተቆለፈ ብርጭቆ ለክብር ተቀምጧል።

ከእነዚህ ጀግኖች የአንዱን ቤት የማየት ዕድል ገጥሞኛል። አምፕሊፋየሩ ከላፕቶፑ ይከብዳል፤ በላዩ ሁለት የቫልቭ አምፖሎች፣ ድምፅ የሚያጎሉ የድሮ ዓይነት የመስታወት ቱቦዎች፣ ብርቱካናማ ሆነው ይግላሉ። ማዳመጫውን ሳጠልቅ ፊልሙ ገና ሳይጀመር የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ሙቀት ይባላል፤ ርካሽ ዕቃ ላይ አታገኘውም» አለኝ። ቀጥሎ ፊልሙን ከፈተ፤ ሰፈር ውስጥ ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ ያስጫነው፣ አንድ ሰው ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ በድብቅ በካሜራ የቀረጸው ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ ሳለ። ወዳጄ ፊቱ በራ። «ሰማኸው? በስልክ ብትሰማው ኖሮ ይህ ሳል ያመልጥህ ነበር!» እውነቱን ነው። እንደዚያ ያለ የጠራ ሳል ሰምቼ አላውቅም፤ ሰውየው ከዳነ ደስ ይለኛል።

ሌላው ቀርቶ ትርጉም ፊልም እንኳ ከዚህ ክብር አልተከለከለም። ጀግናውንም፣ ወንበዴውንም፣ አያትየዋንም ሆኖ የሚናገር አንድ ተራኪ አለ፤ ፍንዳታው ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍንዳታ መሆኑን ይነግረናል። ይህ ሰው በ7.1 ሲደመጥ ከየትኛው አቅጣጫ የሚመጣ ይመስላችኋል? ከሁሉም።

የጌም ወገኖቻችን ምክንያት ደግሞ የበለጠ የጠነከረ ነው፤ «የጠላትን ኮቴ ለመስማት» ይላሉ። ተኩስ ባለበት ጨዋታ ውስጥ ይህ ቁም ነገር ነው፤ ማን ከየት እንደመጣ ቀድሞ የሰማ ይተርፋል፤ ለዚያም ደህና ባለገመድ ማዳመጫ ይበቃል። የእኛ ሰው ግን ከዓመት እስከ ዓመት የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። ኮቴ ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ጠይቄ አላውቅም፤ ምናልባት አጥቂው ከኋላ ሲመጣ ተከላካዩን ያስጠነቅቀው ይሆናል። ይኸው ሰው ኮቴውን ለመስማት የሚጠቀመው በብሉቱዝ ነው። የብሉቱዝ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ፊልም ማጫወቻዎች ምስሉን ትንሽ አዘግይተው ከብሉቱዙ ድምፅ ጋር ሊያስታርቁት ይችላሉ፤ ጌም ግን የሚጠብቅ አንጀት የለውምና ኮቴው የሚሰማው ጎሉ ከገባ በኋላ ነው። ታሪክን ማዳመጥም ራሱን የቻለ ደስታ አለው።

የእነዚህን ወገኖቻችንን ለጋስነት ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ኃጢአት ይሆንብኛል። ሴንሃይዘር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ማዳመጫ ይዞ ብቅ ካለ ወዲህ ጀርባቸው ክፍት የሆነ ማዳመጫዎች በዓለም ተስፋፍተዋል። አየር ስለሚያስገቡ ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ከመታፈን ይድናል፤ ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ፊልም ለሚያይ ሰው የሚያክላቸው የለም። የእኛ ሰው የሚያደርጋቸው ግን አራት ሰው በሚያድርበት የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ክፍት ማዳመጫ ወደ ውስጥ የሚያሰማውን ወደ ውጭም አይሰስትምና ሦስቱ ተኝተው ፊልሙን ይከታተላሉ። ያልከፈሉ ሰዎች ይህን ያህል ሲጠቀሙ የት አይታችኋል?

በአንጻሩ ደግሞ አንዳንድ ኋላ ቀሮች አሉ፤ ስማቸውን አላነሳም። እነዚህ ሰዎች ማዳመጫውን መጀመሪያ ያላቸው ዕቃ ላይ ይሰኩና ድምፁን ቀስ እያሉ ይከፍቱታል። ግማሽ ላይ ሲበቃቸው «አምፕሊፋየር አያስፈልገኝም» ብለው ዝም ይላሉ፤ እስከ ጥግ ከፍተው አሁንም ካነሰ ብቻ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ኮምፒውተራቸው ማውስ በተነቃነቀ ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ የሚንጫጫ ከሆነ የሚገዙት ትልቅ ሣጥን ሳይሆን በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ትንሽ ማስተላለፊያ ነው። አፕል አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የሚሸጠው እንኳ ለብዙ ማዳመጫ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። በ9 ዶላር! እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛቸው ላይ ምን ሊያሳዩ ነው?

የቫልቩ ወዳጄ በቅርቡ ወደ ላቀ ደረጃ ተሸጋግሯል። ሌሊት ሁሉንም ነገር ነቅሎ ከተኛ በኋላ እንኳ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል። ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ መብራት ሲጠፋም የማይቋረጥ ድምፅ ማግኘቱ ለሌላው ሰው ሕልም ነው። ግን ከሐኪም በፊት አምፕሊፋየሩን ወደ ሸጠለት ሰው ሄዶ ጠየቀ። ሻጩ በጥሞና አዳመጠውና ጥፋቱ የገመዱ እንደሆነ ነገረው፤ በሚቀጥለው ወር የብር ገመድ ይገባል፤ ቀብድ ከፍሎ ተመልሷል።