ጆፌ አሞራ በሽታ ያዛምታል ለምትሉ

"ጆፌ አሞራ ጥንብ ስለሚበላ በሽታ ያዛምታል፣ ቢያልቅ ይሻላል" ያልከው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚለው ነው ግን ልክ አይደለም። የጆፌ ጨጓራ አሲዱ በጣም ሃይለኛ ነው፣ ሌላውን እንስሳ የሚገድለውን ጀርም አብዛኛውን እዛው ይጨርሰዋል።

"ቢያልቅ" ስትል ደግሞ ህንድን እያት፣ እዛ በእውነት አልቆ ታይቷል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር አሞራ ረገፈ፣ አንዱ ዝርያማ ከ99 ፐርሰንት በላይ ጠፋ። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፣ በኋላ ተመራማሪዎች የሞተውን እየከፈቱ ሲያዩ ኩላሊቱ ከጥቅም ውጪ ሆኖ ሆድ ዕቃው ላይ ነጭ ኖራ የመሰለ ዩሪክ አሲድ (ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት ቆሻሻ) ተጋግሮ አገኙ፣ በ2004 ደግሞ ገዳዩ ታወቀ፣ ዳይክሎፌናክ! አዎ ያው እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው። ለታመመ ከብት ይሰጡታል፣ ከብቱ ይሞታል፣ አሞራው ይበላዋል፣ አለቀ። አሞራው ሲጠፋ በድኑ ሜዳ ላይ መቆለል ጀመረ፣ የመንደር ውሻ ተራባ፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም ጨመረ። ማን ነው ታዲያ በሽታ ያመጣው?

ያ ጥናት ባይኖር እስካሁን ቫይረስ ፍለጋ ላይ ነበሩ። በ2006 ህንድ መድሃኒቱን ለከብት ከለከለች፣ አሞራ የማይጎዳ ሜሎክሲካም የሚባል ምትክም ተገኘ። እኛ ጋ ደግሞ ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚጣለው መርዝ የተቀባ ሥጋ አሞራውንም ይጨርሰዋል፣ እሱን ብናስቆም ይሻላል።