ጋቢው ደረሳቸው፤ ፍርዶቻቸውስ?

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የጡረታ ሽኝት ላይ ተገኝቼ ነበር። እንደ ወጉ ጋቢ ተደረበላቸው፤ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ሦስት ሰዎች ተነሥተው ተናገሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቢያዩት አይወዱትም። ሦስቱም ተናጋሪዎች «ቅን»፣ «ትጉህ»፣ «እጀ ንጹሕ» አሉ። ከጻፏቸው ፍርዶች አንዱን እንኳ የጠቀሰ ግን አልነበረም። ግንበኛ ጡረታ ሲወጣ የሠራው ቤት ቆሞ ይታያል። የዳኛ ሥራ በክር ታስሮ መዝገብ ቤት ይደረደራል።

እኚህ ሰው ወደ ዳኝነት የገቡት ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዘው ጀመሩ፤ እሱኑ ይዘው ወጡ። ሌላው ሁሉ በእጃቸው ላይ ተለዋወጠ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 መጣ፤ የወንጀል ሕጉ በ1997 ተተካ፤ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ብቻ ሦስት ጊዜ ወጣ፦ አዋጅ 46/1992፣ አዋጅ 133/1998፣ አዋጅ 252/2009። አንድ ገበሬ በመጀመሪያው አዋጅ ዘመን የጀመረው ጠብ በሦስተኛው ዘመን በልጁ እጅ ችሎት ፊት ሲቀርብ አይተዋል።

መሬት ካልኩ አይቀር አንዱን ጉዳይ ላንሣ። ጣና ከክረምት በኋላ ሞልቶ በበጋው ይሸሻል፤ ውኃው ለቆት የሚሄደውን እርጥብ መሬት የዳሩ ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ገበሬው ውኃውን እየተከተለ ይዘራበታል። ሁለት ጎረቤታሞች በዚህ መሬት ተካሰሱ። አቤቱታው የተለመደው «ሁከት ይወገድልኝ» ነው፣ ይዞታዬን ነክቶብኛልና ይከልከልልኝ ማለት፤ ድንበሩ ግን በየዓመቱ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጉዳዩ በይግባኝ ሲደርሳቸው ዳኛው ከወረቀቱ የሚጨበጥ ነገር ስላጡ በቦታው ተገኝተው ለማየት ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ምስክር በዱላቸው ወደ ሐይቁ እያመለከቱ «ጌታዬ፣ ድንበሩ እዚያ ነው፤ ጥር ላይ ይመጣል» አሏቸው።

ፍርዱ ረጅም ነበር። ድንበር ጠፍቶ ሲገኝ ምን ማስረጃ ይበቃል፣ የማን ይዞታ እንዴት ይቆጠራል የሚለውን ነገር በነገር ፈትተው ጻፉት። በሌላ ዓመት ከሌላ ቀበሌ ተመሳሳይ ክርክር መጣ፤ የያዘው ሌላ ችሎት ነበር። ያ ችሎት የቀድሞውን ፍርድ አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለም። ሀ ብሎ ጀመረ።

የእኔ ቅሬታ ይኸው ነው። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ የሕግ ስሕተት አለ ሲባል የሚመረምረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ ውሳኔዎቹ ከ20 በላይ ቅጾች ታትመዋል፤ ጠበቆች በቅጽና በመዝገብ ቁጥር ይጠቅሷቸዋል። ምስክር የሚሰማው፣ የባለጉዳይ ፊት የሚያየው፣ ጭቃ የሚረግጠው የታችኛው ዳኛ የጻፈው ግን አይታተምም። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ ሌላውን ችሎት አያስገድድም፣ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። አያስገድድም፤ ያስተምራል ግን። የተከራካሪዎች ገመና ይወጣል ለሚሉም ስማቸውን ከፍርዱ ላይ መሰረዝ የአንድ ጸሐፊ ሥራ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛል። አባቶችም ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ይሉ የነበረው በቅሎ ርካሽ ስለሆነች አይደለም። ባለቤቷ ለምን እንደሄደች ጆሮው ሰምቶ ነው። ምክንያቱ ከባለጉዳዮቹ ሌላ ማንም ሳያየው መዝገብ ቤት ከቀረ ሌላው ሰው ስለ ዳኛው የሚያወራው በአሉባልታ ብቻ ነው።

እኚህ ዳኛ ደግሞ አሉባልታን ሲሸሹ ኖረዋል። ባሕር ዳር ብትሰፋም ሰው አመሻሹ ላይ የሚናፈሰው ያው ሐይቁ ዳር ነው። ዳኛው ከሥራ በኋላ ከዋርካ ሥር ብቻቸውን ቡና ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «ሒሳብ ተከፍሏል» አለቻቸው። ለሌሎቻችን ደስ የሚል ቃል ነው። እሳቸው ማን እንደከፈለ ጠየቁ፤ ልጅቷ አላወቀችውም። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ሲመጣ መልሽለት» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አስቀድመው ከፍለው ነው የሚቀመጡት። ጡረታ ከወጡ በኋላም አልተዉትም፤ ባለፈው ቅዳሜ የእኔንም ቡና ገና ሳንቀመጥ ከፈሉብኝ።

ያን ዕለት ነው ስለ ደብተሮቻቸው የነገሩኝ። ከበድ ያለ ጉዳይ በወሰኑ ቁጥር ጭብጡንና ምክንያቱን አሳጥረው የጻፉባቸው ባለ 50 ሉክ ደብተሮች ቤታቸው አሉ። ለወጣት ዳኞች ይጠቅማሉ ብለው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዘዋቸው ሄደው ነበር።

«ታዲያ ተቀበሉዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ በየትኛው መዝገብ ቁጥር ልቀበልዎት አለኝ።»