ስም ጽፈህ ፈልግ አሉን

ባለፈው ሳምንት የተማርኩበት ትምህርት ቤት መጋዘኑን አጸዳ። ይበል። የተሰበረ ዴስክ ወጣ፣ የዛገ ቆርቆሮ ወጣ። ከነሱ ጋር ግን የስንት ዓመት የክፍል ፎቶ አብሮ ተጠርጎ ሄደ። አንድ የቀድሞ ተማሪ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአስተዳደሩ ያገኘው መልስ «በዚህ ዘመን የድሮ ጓደኛውን የሚፈልግ ፌስቡክ ላይ ስም ጽፎ ያገኛል» የሚል ነው።

ስም ጽፎ! እስኪ እርስዎ ይሞክሩት።

የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ያለው የራሱና የአባቱ ስም ነው፣ ግፋ ቢል የአያቱ። «አበበ ከበደ» ብለው ይጻፉና ስንቱ እንደሚግተለተል ይዩት። ያውም የአባቱን ስም ካስታወሱ ነው። እኔ አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ስንቀመጥ አጠገቤ የነበረውን ልጅ «ቀጮ» ከማለት ሌላ አላውቅም። በፈረንጅ ፊደል ሲሆንማ ጉዱ ሌላ ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ በቲ ትጀምር በኤስ፣ በዋይ ትጨርስ በአይ፣ የሚያውቀው ፓስፖርቷን የሞላው ጸሐፊ ብቻ ነው።

ደግሞም ስም ይቀየራል። ዓረብ አገር ለመግባት በሌላ ስም ፓስፖርት ያወጡ እህቶቻችን ስንት ናቸው? እዚህ ብርቱካን የነበረችው እዚያ ዘሐራ ናት። በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች በአንድ ቀን ተኩል ተጓጉዘዋል። እስራኤል ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም የወጣላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አብሮ አደጎቻቸው በየትኛው ስም ይፈልጓቸው?

ፎቶው ግን ስም አይጠይቅም። ፊት ተንበርክኮ ትንሿን ሰሌዳ የያዘ ልጅ አለ። በጠመኔ «8ኛ ቢ፣ 1984» ተብሎ ተጽፎባታል። ያቺ ሰሌዳ ብቻዋን ከፌስቡክ ትበልጣለች! ጆሮው የቆመው ልጅ ዛሬ ራሰ በራ ቢሆንም ጆሮው ያው ነው።

እርግጥ ነው፣ ገሚሱን አይጥ በልቶታል። ይሁን። የቀረውን በስልክ ማንሳት ስንት ሰዓት ይፈጃል? «ቦታ ጠበበን» ደግሞ ይላሉ። ለሁለት ካርቶን! በር ላይ «የፎቶ ባለቤቶች መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል ወረቀት ቢለጥፉ እኮ ባጃጅ ተኮናትረን በመጣን ነበር።

ዕድሜ ለእናቴ፣ አንዷ ተርፋለች። የቡፌው መስታወት ላይ ሰክታት ነው የኖረችው። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ለቀቅኳት። ሌሊቱን ስልኬ ሲጮህ አደረ። «ቀጮ አዋሳ ነው» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ የመምህራችንን ማረፍ ነገረን። ንጋት ላይ ከጅዳ የድምፅ መልእክት ገባ፦ «ከመምህሩ በስተግራ ዓይኗን የጨፈነችው እኔ ነኝ።»

ስሟን አየሁት። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው።