የአንድ ወረቀት ሁለት እምነት፦ ለጆርጂያ ተሸናፊዎች የቀረበ ምስጋና

የምርጫ ውጤትን እንዳለ መቀበል ተራ ሥራ ነው። ማንም ያደርገዋል፤ ጥበብም ትምህርትም አይጠይቅም። ያሸነፉበትን ቆጠራ እንደ ወንጌል ተቀብሎ፣ በዚያው ቀን በዚያው ወረቀትና በዚያው ማሽን የተሸነፉበትን ቆጠራ ግን የሌቦች ሥራ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ማመን የተለየ ተሰጥኦ ይፈልጋል። በዚህ ተሰጥኦ የአሜሪካዋን የጆርጂያ ግዛት ፖለቲከኞች የሚስተካከል ስለመኖሩ እንጠራጠራለን፤ እስካሁን የሚገባቸው ምስጋና ባለመቅረቡም ይህ ጽሑፍ የዘገየውን ውለታ ለመመለስ ተሰናድቷል።

ተሰጥኦው ሙሉ ውበቱን ያሳየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 በተደረገው ምርጫ ነው። የጆርጂያ መራጭ በምርጫ ጣቢያው ተገኝቶ ሲመርጥ በማሽኑ ገጽ ላይ የፈለገውን ይነካል፤ ማተሚያውም የመረጣቸውን ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች የዘረዘረ አንድ ወረቀት ያወጣለታል፤ መራጩ ወረቀቱን አንብቦ ለቆጣሪው ማሽን ያጎርሰዋል። ከላይ ፕሬዚዳንቱ፣ ከሥሩ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ዕጩ፣ ዝቅ ሲል የተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ ግርጌው አካባቢ ደግሞ የግዛቲቱ የራሷ እንደራሴዎች ይሰፍራሉ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የጠቆረበትም ቀለም አንድ ነው። ሆኖም ባለ ተሰጥኦዎቹ እንደነገሩን፣ በአንድ ትሪ ከቀረበ እንጀራ ግማሹ የጾም ግማሹ የፍስክ እንደሚሆነው ሁሉ፣ የወረቀቱ ራስጌ የተሰረቀ ሲሆን ወገቡና ግርጌው ግን እንከን የሌለበት ንጹሕ ነው።

ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ማየት አድናቆትን ይጨምራል። በወረቀቱ ራስጌ ጆ ባይደን 2,473,633፣ ዶናልድ ትራምፕ 2,461,854 ድምፅ አገኙ። አንድ መስመር ዝቅ ሲባል ሪፐብሊካኑ ሴናተር ዴቪድ ፐርዱ 2,462,617 ድምፅ አግኝተው ዴሞክራቱን ጆን ኦሶፍን በ88,000 ድምፅ ገደማ ይመራሉ፤ ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት እንኳ በ763 ድምፅ ይበልጣሉ። ከዚያ በታች ሪፐብሊካን ጆርጂያ ካላት 14 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 8ቱን ወሰዱ፤ በግዛቲቱ ምክር ቤቶችም ከ180ው 103፣ ከ56ው ደግሞ 34 መቀመጫ ይዘው ቀሩ። እንግዲህ ሌባ ነበረ ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ በታሪክ አልታየም፦ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ፕሬዚዳንትነቱን ብቻ አንሥቶ፣ የሕግ መወሰኛውን መቀመጫ፣ የተወካዮቹን ምክር ቤትና የግዛቲቱን ሕግ አውጪዎች በሙሉ ለባለቤቶቻቸው ትቶ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። የተተወላቸውም ሰዎች አንድም ቀን «ይህ መቀመጫ እንዴት ተረፈልኝ?» ብለው አልጠየቁም። የተሰጣቸውን ሳይመረምሩ የሚቀበሉ ትሑታን ናቸው።

ከትሑታኑ ሁሉ ፊት የሚቀመጡት ሴናተር ፐርዱና የሥራ ባልደረባቸው ኬሊ ሌፍለር ናቸው። ምርጫው በተደረገ በስድስተኛው ቀን ሁለቱ በጋራ መግለጫ አውጥተው፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሰው የሆኑትና ምርጫውን በበላይነት ያስፈጸሙት የግዛቲቱ ጸሐፊ ብራድ ራፈንስፐርገር ሥራቸውን እንዲለቁ ጠየቁ። ፐርዱ በዚያ ሰዓት ያገኙት ድምፅ 49.7 በመቶ ነበር፤ በጆርጂያ ሕግ ደግሞ ከግማሽ በላይ ያገኘ ዕጩ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች ወደ መለያ ምርጫ ይሄዳሉ። ማለትም ሴናተሩ ቆጠራውን ያወገዙት በዚያው ቆጠራ አንደኛ መሆናቸውን ይዘው፣ ለመለያውም በዚያው ቆጠራ ካለፉ በኋላ ነው። የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እየቆረጡ እንዲህ ተረጋግቶ መቀመጥ ለሁሉም አይሰጥም።

ቆጠራው አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ቀላል በሆነና ተሰጥኦውም ባልተፈተነ ነበር። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን የሚደርሰው ወረቀት በመጀመሪያ በማሽን፣ ቀጥሎ በሰው እጅ፣ በመጨረሻም በተሸናፊው ጥያቄ እንደገና በማሽን፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። የእጅ ቆጠራውን ሁለት ሁለት ሆነው በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አከናወኑት፤ አንዱ ወረቀቱን አንሥቶ ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ተቀብሎ ያረጋግጥና ከየስሙ ክምር ላይ ያኖረዋል፤ ታዛቢዎችም ቆመው ያያሉ። በየቆጠራው ልዩነቱ ጥቂት ከፍ ዝቅ አለ እንጂ አሸናፊው አልተለወጠም፤ መጨረሻ ላይ 11,779 ሆኖ ቆመ። ደካማ እምነት ያለው ሰው እዚህ ላይ ይረታ ነበር። ባለ ተሰጥኦዎቹ ግን ቆጠራው በተደጋገመ ቁጥር የስርቆቱ ጥልቀት ይበልጥ ተገለጠላቸው።

ማስረጃ አላቀረቡም የሚል ካለ ስም አጥፊ ነው። በአትላንታ ከተማ ድምፅ ሲቆጥሩ የነበሩ እናትና ልጅ፣ እናት ለልጅ አንድ ትንሽ ነገር ስታቀብል የሚያሳይ ምስል አቅርበዋል። የፕሬዚዳንቱ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ዕቃውን ከሩቅ አይተው የኮምፒውተር መረጃ መያዣ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርም ጋር አመሳሰሉት። ልጅቱ በኋላ በኮንግረስ ፊት ቃል ስትሰጥ እንደተናገረችው የዝንጅብል ከረሜላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ለሁለቱ ሴቶች 148 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈል ወሰኑ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ውድ ከረሜላ ስለመሸጡ አልሰማንም።

የተሸናፊው ፕሬዚዳንት ልከኝነትም ሳይወሳ መታለፍ የለበትም። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ለራፈንስፐርገር ደውለው አንድ ሰዓት ያህል ሲነጋገሩ የጠየቁት አንድ ሚሊዮን ድምፅ ወይም መቶ ሺህ ድምፅ አልነበረም፤ 11,780 ድምፅ እንዲገኝላቸው ብቻ ነው፤ ከልዩነቱ አንዲት ድምፅ ብቻ ከፍ የሚል ማለት ነው። ትርፍ አልፈለጉም። ደግነቱ ጸሐፊው ይህን የመሰለ ቁጥብ ጥያቄ የማስተናገድ ወግ አልነበራቸውምና የያዙት ቁጥር ትክክል መሆኑን ነግረዋቸው ስልኩ ተዘጋ።

ከሦስት ቀን በኋላ የመለያው ምርጫ ደረሰ። ለሁለት ወር ያህል «ምርጫው የተጭበረበረ ነው፣ ማሽኑ አይታመንም» ሲባል የከረመ ሕዝብ አሁን «እባክህ ውጣና በዚያው ማሽን ምረጠን» ተባለ። በአልፋሬታ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይማ፣ የፕሬዚዳንቱ ደጋፊ የነበሩ አንድ ጠበቃ ጥያቄያቸው ካልተመለሰ ለፐርዱና ለሌፍለር ድምፅ እንዳይሰጥ እስከ መምከር ደርሰው ነበር። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። በኖቬምበር ወጥተው የነበሩ ብዙ መቶ ሺህ መራጮች በጃንዋሪ ቤታቸው ቀሩ፤ ኦሶፍና የሌፍለር ተፎካካሪ የነበሩት ዴሞክራቱ ራፋኤል ዋርኖክ አሸነፉ፤ ዴሞክራቶችም በአንዲት ግዛት ሁለት መቀመጫ አማካይነት የመላ አገሪቱን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቆጣጠሩ። የዚያ ቀን ወረቀት ግን ሦስተኛ መስመርም ነበረው፦ የመብራትና የጋዝ ዋጋን ለሚወስነው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የተወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ላውረን ማክዶናልድ በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ሌባው ሁለት ሴናተሮችን ሲያነሣ የመብራት ቆጣሪው ላይ ሲደርስ እጁ ዛለበት መሰለኝ።

በማግስቱ ጃንዋሪ 6 በዋሽንግተን፣ በዚያው የኖቬምበር ወረቀት የተመረጡት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ጆዲ ሃይስ የጆርጂያን የፕሬዚዳንት ውጤት ለመቃወም ተነሡ። አብሯቸው የሚፈርም ሴናተር ስላልተገኘ ተቃውሞው ወደቀ። የራሳቸውን መቀመጫ በተመለከተ ተቃውሞ ስለማቅረባቸው ግን በመዝገብ የሰፈረ ነገር የለም፤ ይህም ጉዳይን ከጉዳይ የመለየት ከፍተኛ ችሎታ ያሳያል።

በሚዛን ጉድለት እንዳንከሰስ ሌላኛውንም ወገን እናመስግን። በ2018 ዴሞክራቷ ስቴሲ ኤብራምስ ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው በብራያን ኬምፕ በ55,000 ድምፅ ገደማ ሲሸነፉ፣ ኬምፕ አገረ ገዥ እንደሚሆኑ አምነው ይህ ግን ሽንፈትን መቀበል እንዳልሆነ የገለጹበት ንግግር ለተሰጥኦው ጥሩ መነሻ ነበር። እርግጥ ኬምፕ ራሳቸው የሚወዳደሩበትን ምርጫ በግዛቲቱ ጸሐፊነት ሲያስፈጽሙ መቆየታቸው ለቅሬታ የሚበቃ ነገር ነው፤ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሰው ሲሆን ማንም ያጉረመርማል። ቢሆንም ሁለቱን እኩል ማድረግ ለባለ ተሰጥኦዎቹ ስድብ ይሆናል፦ የኤብራምስ ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ በ2022 ተረታ፣ እሳቸውም በዚያው ዓመት ዳግም ሲሸነፉ በምርጫው ምሽት ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ልምምዱን ጀምሮ በመተው እንጂ በመዝለቅ አይመሰገኑም።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በበኩላቸው፣ ራሳቸው የተመረጡበትን ንጹሕ ምርጫ ለማጽዳት በማርች 2021 አዲስ ሕግ አወጡ። ቆጠራው ትክክል ነው ያሉት ጸሐፊ ከምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢነት ተነሡ፤ በምርጫ ጣቢያ አቅራቢያ ለተሰለፈ መራጭ ምግብና ውሃ ማደልም ተከለከለ። በዲካልብ ካውንቲ፣ በክላርክስተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ ዜግነት ወስደው የሚመርጡ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም፤ ለቆመ ሰው ውሃ ማቀበል ጽድቅ ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ ከጣቢያው ሕንፃ 150 ጫማ ሳይርቅ ሲያቀብል ወንጀል እንደሚሆንበት ማጥናት ነበረበት። በኋላ ከሕንፃው ርቆ ባለው ሰልፍ ላይ የተጣለውን ክልከላ የፌዴራል ዳኛ አገዱት። ከረሜላን በተመለከተ ሕጉ ምን እንደሚል ለጊዜው እናቆየው።

በ2022 ፐርዱ እንደገና ብቅ አሉ፤ በዚህኛው ዙር የ2020 ምርጫ መሰረቁን ዋና መፈክራቸው አድርገው ለአገረ ገዥነት በተደረገው የፓርቲው የውስጥ ማጣሪያ ምርጫ ከኬምፕ ጋር ተፋለሙ። 22 በመቶ ገደማ አገኙ፤ ኬምፕ 74 በመቶ ገደማ። የሚገርመው ማሽኑ ያው ነው፤ ጸሐፊውም ያው ራፈንስፐርገር ናቸው፤ ፐርዱ ግን በዚያው ምሽት ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ጸሐፊውን ለመተካት የተወዳደሩት ሃይስም ተሸነፉ። በኖቬምበር ደግሞ ለሕግ መወሰኛው የቀረቡት ሪፐብሊካኑ ሄርሼል ዎከር በአንድ ወረቀት ላይ ከኬምፕ በ200,000 ድምፅ ገደማ አንሰው ተገኙ፤ በዲሴምበሩ መለያም በዋርኖክ ተረቱ። ወረቀቱ ኬምፕን አሳልፎ ዎከርን ጥሏልና ከዚህ የተሻለ የስርቆት ክስ መነሻ አይገኝም ነበር፤ ዎከር ግን በሰዓቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተሰጥኦውን በዚህ ደረጃ ያባከነ ዕጩ አላየንም።

የተሰጥኦው ከፍተኛ ማዕረግ ግን የታየው በ2024 ነው። ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ አብላጫ አባላት የወረቀቱ ብዛት በየጣቢያው በእጅ ይቆጠር ብለው ደንብ አወጡ፤ ዳኞች አገዱት። ደንቡ ከታገደ ምርጫው ሊታመን እንደማይችል የነገሩን ብዙ ነበሩ። ኖቬምበር 5 ትራምፕ በ115,000 ድምፅ ገደማ አሸነፉ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ደንቡ ባይኖርም ችግር እንደሌለ፣ ማሽኑም ጤነኛ እንደሆነ፣ ቆጣሪዎቹም ቅን እንደሆኑ በአንድ ድምፅ ታወቀ። ከአራት ዓመት በፊት የነበረው ቆጠራ ግን አሁንም የተሰረቀ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ኋላ አይሠራም።

በኖቬምበር 2025 ለዚያው የመብራት ኮሚሽን ሁለት መቀመጫ ውድድር ተደርጎ ሁለቱንም ዴሞክራቶች በሰፊ ልዩነት ወሰዱ። የመብራት ሒሳብ የናረበት ሕዝብ ነው የመረጠው፤ ልዩነቱም ለጥርጣሬ ቀዳዳ የሚተው አልነበረም፤ ስለዚህ ባለ ተሰጥኦዎቹ ጥቂት ጊዜ ሥራ ፈትተዋል። ለሚቀጥሉት ምርጫዎች ሕይወታቸውን የሚያቀልል አንድ ሐሳብ ለግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች እናቀርባለን፦ የድምፅ መስጫው ወረቀት በየመስመሩ መካከል ቀድሞ በተበሳሳ ነጠብጣብ ይታተም፣ እያንዳንዱ ዕጩም ውጤቱ በታወጀ በማግስቱ የተሸነፈበትን ቀድዶ የሚጥልበት፣ ያሸነፈበትን አጥፎ ኪሱ የሚያስገባበት ሕጋዊ መብት ይኑረው። ነጠብጣቡ ውድ ነው ከተባለም መቀስ ይታደል፤ ለማሽኖቹ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለ ግዛት ለመቀስ አይቸገርም።