ሽቅብ ያየ ሁሉ «ፓሪስ!» ይላል

የከተማዋ ስም ያልተጻፈበት የጎዳና ፎቶ ሰው በተሰበሰበበት ብቅ ሲል ወዲያው የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ምስሉ ገና ጠርቶ ሳይታይ አንዱ «ፓሪስ!» ብሎ ይጮኻል። ማስረጃህ ምንድን ነው ቢሉት «በረንዳውን አታዩም እንዴ?» ይላል፤ በረንዳ መሥራት ለፈረንሳይ ብቻ የተፈቀደ ይመስል። ሁለተኛው ጠንቃቃ ነው። «አውሮፓ ነገር ናት» ይልና ከአርባ በላይ አገሮች ጀርባ ይደበቃል፤ ተሳስቶ አያውቅም፣ አግኝቶም አያውቅም። ሦስተኛው ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ፎቶውን በኢንተርኔት ካስፈተሸ በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከጣሪያው ክፈፍ አሠራር ተነሥተን ስንመለከተው…» ብሎ ይጀምራል። አራተኛው ደግሞ ቦታው የት እንደሆነ ከመታወቁ በፊት እዚያ ደርሶ ተመልሷል።

እነዚህን ሁሉ የሚያሳስታቸው የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የአንገት አያያዝ ነው። ሁሉም ሽቅብ ያያሉ። ሽቅብ ያለው ደግሞ ግንቡ፣ ጉልላቱና ሐውልቱ ነው፤ ከተማዋ እንግዳ እንዲያይላት ብላ ያቆመችው። እንዲህ ያለ ነገር ይኮረጃል። ቻይና ውስጥ ሃንግዡ አጠገብ ቲየንዱቼንግ የሚባል ሰፈር አለ፤ 108 ሜትር የሚረዝም የኤፍል ግንብ ቅጂ መሐሉ ላይ ተገትሮ ዙሪያውን የፓሪስ ዓይነት ሕንፃ ተኮልኩሏል። ሃልሽታት የተባለችው የኦስትሪያ የሐይቅ ዳር መንደርም እ.ኤ.አ. በ2012 ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ መንትያ ተሠርቶላታል። ግንብ የኮረጀ ሞልቷል፤ የሌላ ከተማ የማንሆል ክዳን ልኮርጅ ብሎ የተነሣ ግን ብዙም አልተሰማም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ከተማ ያባችውን የሚያወጣው የምትረግጠው ንጣፍ ነው። በቲየንዱቼንግ ፎቶ ላይ እንኳ ከመስኮቱ ሥር የተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥንና በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ጉዱን ይዘረግፉታል።

ፓሪስ ከተነሣች አይቀር እንደ ደንቡ እንፈትሻት። ባሮን ኦስማን ከ1853 እስከ 1870 ከተማዋን አፍርሶ ሲያሠራ የተተከለው መልክ ይህ ነው፦ ክሬም መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ በአንድ መስመር የሚሄድ ክፈፍ፣ ግራጫ የዚንክ ጣሪያ። ከሕንፃው ዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው በረንዳ የሚገኘው ምድር ላይ ያለው ሳይቆጠር በሁለተኛውና በአምስተኛው ፎቅ ነው። በየፎቁ ረጅም በረንዳ ካዩ ጥርጣሬ ይግባዎት። ይህም ሆኖ ብቻውን አይበቃም፤ ቡካሬስትና ቦነስ አይረስም ይህንኑ መልክ በልካቸው አሰፍተውታል። ስለዚህ ዓይንዎን ወደ ማዕዘኑ ግድግዳ ያውርዱ። ነጭ ጽሑፍ ያለው ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ የወረዳው ቁጥር የተቀመጠበት ከሆነ ነገሩ አለቀ። ሰሌዳው ካልታየ ጩኸቱን ትንሽ ማዘግየት አይጎዳም።

ጠብ የሚያስነሡት ባርሴሎናና ቦነስ አይረስ ናቸው። ኢልደፎንስ ሰርዳ በ1859 ባወጣው ፕላን የባርሴሎና አዲሱ ክፍል ጎኑ 113 ሜትር በሆነ ብሎክ ተከፋፍሏል፤ የእያንዳንዱ ብሎክ ማዕዘን ተቆርጧል። ይህን ያነበበ ሰው የተቆረጠ ማዕዘን ባየ ቁጥር «ባርሴሎና!» ማለት ይጀምራል፤ ማዕዘን መቁረጥ ግን በቦነስ አይረስም ደንብ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የባርሴሎናው ቆረጣ ሰፊ ስለሆነ መስቀለኛ መንገዱ ስምንት ጎን ያለው አደባባይ ይሆናል፤ መኪና ይቆምበታል፣ ዕቃ ይራገፍበታል። የቦነስ አይረሱ አንድ የሱቅ በር ቢያስገባ ነው። ክርክሩ በዚህ ካልበረደ ታክሲ ይጠብቁ። የሁለቱም ታክሲ ጥቁርና ቢጫ ነው! ባርሴሎና ቢጫውን በሮቹ ላይ፣ ቦነስ አይረስ ጣሪያው ላይ ቀብታዋለች። እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ጣሪያው ቢጫ የሆነ ጥቁር ታክሲማ የሙምባይ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። የሙምባይ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነና መንገዱን በግራ ስለሚይዝ ከቦነስ አይረሱ ይለያል። ታክሲው ጨርሶ ካልመጣ የመጨረሻው ዳኛ እግር ሥር ነው፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለአራት ቅጠል አበባ የታተመበት ግራጫ የሲሚንቶ ንጣፍ ባርሴሎናን ያስፈርድላታል።

ንጣፍ ሁሉ ግን እንዲህ ታማኝ አይደለም። ጥቁርና ነጭ የማዕበል ንጣፍ ያየ ሰው «ሪዮ!» ይልና ወገቡን መነቅነቅ ይጀምራል። ማዕበሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተነሣው ከሊዝበን ሮሲዮ አደባባይ ነው፤ ከዚያ ፖርቱጋሎች የረገጡትን ተከትሎ ብራዚልም እስያም ገብቷል። የሪዮ ባሕር ዳር የሆነው የኮፓካባናው ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ ሆኖ በሰፊው የሚጠመዘዝ ነው፣ አጠገቡ አሸዋ አለ። በሮሲዮ ዙሪያ ያሉት ከ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተተከሉት ዝቅተኛና ወጥ ሕንፃዎች ናቸው። ማዕበሉ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ካንዣበበ ማካው ነዎት። ከማዕበሉ ፊት የኦፔራ ቤት ጉልላት ቆሞ ዙሪያውን የሞቃት አገር ዛፍ ከከበበው ደግሞ ባሕር የሌላት ማናውስ ናት፤ አማዞን ጫካ መሐል። ወገብ የነቀነቀው ሰው እዚህ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ስልክ ይደወልለታል።

ፕራግን፣ ቪየናንና ቡዳፔስትን ማምታታት የተከበረ ስሕተት ነው፤ የተማሩ ሰዎችም ይሠሩታል። ፎቶውን ያስፉና በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ። ፕራግ በአንድ በር ሁለት ቁጥር ትለጥፋለች፤ ቀዩ የመዝገብ፣ ሰማያዊው የመንገድ። ቪየና በመንገዱ ሰሌዳ ላይ ከስሙ በፊት የወረዳውን ቁጥር ታስቀድማለች። በላቲኑ «ኦ» አናት ላይ ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ከተጋደሙ ሃንጋሪኛ ነው፣ ከተማዋም ቡዳፔስት ናት፤ ሌላ መከራከሪያ የለም።

በርሊን ለእንዲህ ያለው ምርመራ ደግ ናት። ከራስ በላይ የሚያልፍ፣ መንገድ የሚያቋርጥ፣ ሮዝ የተቀባ ወፍራም ቧንቧ ካለ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የግንባታ ጉድጓድ የሞላው ውሃ እየተቀዳ ነው ማለት ነው። ቱሪስቱ ይህን ቧንቧ አይወደውም። ቤቱ ሲደርስ በስልኩ ማስተካከያ ያጠፋዋል፤ ፎቶው ላይ የነበረውን ብቸኛ ማስረጃ አጥፍቶ ሲያበቃ «እስቲ የት ይመስላችኋል?» ብሎ ይለጥፈዋል። ሮም ሄዶም እንዲሁ ነው። ማንሆሉ ላይ የከተማዋ ምልክት የሆኑት ኤስ፣ ፒ፣ ኪው፣ አር የሚሉት አራት ፊደላት ተቀርጸው ሳለ ክዳኑን ቆርጦ ያወጣና ማንም ከተማ ሊኖረው የሚችል ሰማይ ያስቀርልናል።

መኪና የሚሄድበት ጎን ጥሩ ማጥሪያ ነው፤ ብዙ አገር በአንድ ጊዜ ያስወጣል። መሐል መስመሩ ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ አህጉሮች ናቸው፤ አብዛኛው አውሮፓ ነጭ ነው፣ ኖርዌይ ግን ቢጫ ትቀባለች። የሚያሳስተው የራስ ፎቶ ነው። አንዳንድ ስልክ የፊቱን ካሜራ ምስል እንደ መስተዋት ገልብጦ ስለሚያስቀምጥ፣ በቀኝ የምትነዳ አገር በአንድ ጠቅታ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትሆናለች። የማስታወቂያውን ጽሑፍ፣ ጽሑፍ ከሌለ የሸሚዙን ቁልፍ ሳያዩ ስለ መንገድ ጎን አይማሉ። ፎቶው አሮጌ ከሆነም ዓመቱን ይጠይቁ፤ ስዊድን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተነሣ የስቶክሆልም ጎዳና ያልጠረጠረውን ሁሉ ለንደን ይወስደዋል።

ጥላም ይመሰክራል። ከሐሩር ክልል ውጭ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ከሆነች ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ነው፤ የሳተላይት ዲሹም ፊቱን ወደ ምድር ወገብ ይመልሳል። ሐምራዊ የጃካራንዳ አበባ ሲያዩ ወሩን ይያዙ፤ ሜክሲኮ ሲቲ በመጋቢት፣ ሊዝበን በሰኔ መግቢያ፣ ፕሪቶሪያ በጥቅምት፣ ቦነስ አይረስ በኅዳር ነው። የሞሮኮን ከተሞች የሚለየው ትንሹ ታክሲ ነው፦ ካዛብላንካ ቀይ፣ ራባት ሰማያዊ፣ ማራኬሽ የአሸዋ መልክ። ሆንግ ኮንግ እዚያው በአንድ ከተማ ውስጥ በሰፈር ትከፍላለች፤ መሐል ከተማ ቀይ፣ «አዲሶቹ ግዛቶች» የሚባለው ክፍሏ አረንጓዴ፣ ላንታው ደሴት ሰማያዊ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን በፊልም የሠለጠነ ዓይን ነው። ይህ ሰው ኒው ዮርክን አሳምሮ የሚያውቃት ይመስለዋል፦ በሕንፃዎች ጀርባ የሚያልፍ ጨለማ መተላለፊያ፣ ትልቅ የብረት ቆሻሻ ገንዳ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ እንፋሎት፣ የካፖርቱን ኮሌታ ከፍ ያደረገ ሰው። እንፋሎቱ ልክ ነው። መተላለፊያው ግን ሐሰት ነው። የማንሃተን የ1811 ፕላን የጓሮ መንገድ አላስቀመጠም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፊልም ሠሪዎች ኮርትላንት የተባለችውን አንዷን ጠባብ መንገድ እየተፈራረቁ ስላነሷት ከተማዋ በጓሮ መንገድ የተሞላች መሰለች። የጓሮ መንገድ ያላት ቺካጎ ናት፤ ቆሻሻዋንም እዚያ ትደብቃለች። ኒው ዮርክ መደበቂያ ስላጣች ለብዙ ዓመታት ቆሻሻዋን በጥቁር ፌስታል እያሰረች የፊት ለፊቱ እግረኛ መንገድ ላይ ስትቆልል ኖራለች። ስለዚህ ጓሮ ካዩ ቺካጎን፣ የፌስታል ክምር ካዩ ኒው ዮርክን ይገምቱ። ማረጋገጫ ከፈለጉ፣ አሁን ሽቅብ ማየት ይፈቀዳል። የከተማው የውሃ ግፊት ከስድስት ፎቅ በላይ ስለማይደርስ ጣሪያው ላይ ክብ የእንጨት ታንከር በእግሩ ቆሞ ይታያል። ያ ሁሉ ሳይኖር ቀይ ትራም ካለፈች ደግሞ ቶሮንቶ ኒው ዮርክን እየተወነች ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚያውካቸው ወገኖች አሉ፤ ያልሄዱበት አገር ሆነው የሚለጥፉት። «ሚላን፣ ናፍቀሽኝ ነበር» ተብሎ አሮጌ ትራም ሥር የተነሣ ፎቶ ይመጣል። ትራሟ እውነተኛ የ1928 የሚላን ትራም ናት፤ ግን ተገዝታ በሳን ፍራንሲስኮ ማርኬት ጎዳና ላይ እየሠራች ነው። ይህ ከተነቃበት በኋላ ለጣፊው ይጠነቀቃል። ጎዳና አይታይም፣ ታክሲ አይታይም፤ ነጭ የሆቴል ግድግዳ ፊት ቆሞ «ለንደን፣ ዝናቡ አላስወጣ አለን» ይላል። ግድግዳው ላይ ግን ሶኬት አለ። የእንግሊዝ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው፤ ይኼኛው ሁለት ክብ ቀዳዳ ይዞ አፍጥጧል። በማግሥቱ ፎቶው ይነሣና እንደገና ይመጣል፤ ሶኬቱ ፊት ሻንጣ ቆሟል። ሻንጣው ላይ የአየር መንገዱ ወረቀት ተንጠልጥሏል፣ የመዳረሻው ምልክት ሦስት ፊደል በትልቁ ታትሞበት።