የጣና ጀልባ እስከ መቼ ያጨሳል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እንቦጭ ጣናን ሲወርረው ውኃ ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ የነቀላችሁት እናንተ ናችሁ። የጀልባው ጭስና ዘይት ሲሆን ምነው ዝም አላችሁ?

ጠዋት ባሕር ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ጋ ቆማችሁ እዩ። ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ከኋላው ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ዘይት ውኃው ላይ ይዘረጋል። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላለት አሮጌ ሞተር ከነዳጁ እስከ ሩብ የሚሆነውን ሳያቃጥል ነው የሚያወጣው። ጭስ ማውጫው ደግሞ ውኃው ውስጥ ነው። አራት ሊትር ስትሞሉለት አንዱ ጣና ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ቆረሶውና አምባዛው የሚኖረው እዚያው ነው፤ ያንን ውኃ ቀድቶ የሚጠጣ ሰውም አለ።

"ምን አማራጭ አለን?" እንዳትሉኝ። ኖርዌይ ውስጥ አምፔር የተባለች መርከብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በባትሪ ብቻ እየሠራች 120 መኪና ታሻግራለች። የአካባቢው የመብራት መስመር ደካማ ስለነበር በሁለቱም ዳር ትልልቅ ባትሪ ተከሉ። ባትሪው ቀስ እያለ ይሞላል፤ መርከቧ ስትደርስ ቶሎ ይሰጣታል። መብራት እየጠፋ ለሚያስቸግረን ለእኛም ይኼው ዘዴ ይሆናል።

የእኛ ጉዞ አጭር ነው። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጀልባው ሌሊቱን ታስሮ ያድራል። ለባትሪ ከዚህ የተመቸ ሥራ የት ይገኛል? ጎርጎራ ሩቅ ነው፣ እሱ ይቆይ።

ደግሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃ የሚወስደው ከራሱ ከጣና እኮ ነው! ሐይቁ መብራት እየሰጠን እኛ ጀሪካን ይዘን ለቤንዚን እንሰለፋለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ስንት ተከራከርን! ጀልባውን ያነሳ ሰው ግን አልሰማሁም።

ባለጀልባዎች፣ ሞተር ስትቀይሩ ያንኑ ዓይነት አትድገሙ። አስጎብኚዎች፣ እንግዳ ስታሳፍሩ ስለ ሞተሩ ጠይቁ። ባንኮች፣ ለሚኒባስ የምታበድሩትን ለጀልባ ሞተርም አበድሩ። ሁሉም ባንዴ ይቀየር አላልኩም። ወደ ደብረ ማርያም ከሚሻገሩት ጀምሩ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ትንሽ ባትሪም ይበቃዋል።