ኮሎኔል በዛብህ የት ናቸው?

በቱሉ ዲምቱ ሰማይ ላይ የጄት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጎረቤቴ ከያዙት ሥራ ቀና ብለው ይቆጥራሉ። ሰባን ያለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት በደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ በተዋጊ ጄት ጥገና ላይ ነው። ዛሬም ከተማዋን ቢሾፍቱ ብለው አይጠሯትም። አንድ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየማችን ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ፣ “ጋሼ፣ ምን ይቆጥራሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የሄደውን ነዋ ልጄ” አሉኝ። “አብራሪውን መሰላል ደግፈን እናወጣዋለን፣ ቀበቶውን አጥብቀን እንሸኘዋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ሄደው አንድ ሲመለስ አንደኛው መሰላል እዚያው ይቆማል። አንሡት የሚል አለቃ የለም። ሲመሽ አንዱ ዝም ብሎ ይወስደዋል።”

ይህን ከሰማሁ ወዲህ የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ስም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ወጣቱ ትውልድ ላያውቃቸው ይችላል። በደርግ ዘመን በሰሜኑ ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወደቁ፤ ዓመታት በምርኮ አሳልፈው ተመለሱ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ እንደገና ተነሡ። በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ አስመራ ላይ ጄታቸው ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። ምርኮ ምን እንደሆነ በገላቸው ያወቁ ሰው ናቸው፤ አውቀውም መሰላሉን ወጡ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም፣ መቃብራቸውም አልታየም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ።

የአብራሪ ምርኮ ከእግረኛው ይለያል። እግረኛ ሲማረክ አብዛኛውን ጊዜ ከጓዶቹ ጋር ነው፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ተመልሶ “አብረን ነበርን፣ እንዲህ ሆነ” ብሎ ለቤተሰቡ ይናገራል። አብራሪ ግን በጃንጥላ የሚወርደው ብቻውን፣ ያውም አሁን ሲደበድበው በነበረው ሕዝብ መካከል ነው። ቦምብ የወረደባቸው ሰዎች ቁጣ ይገባኛል፤ የአስመራ ሰው ያን ዕለት የተሰማውን ልክድ አልፈልግም። የምርኮኛ ሕግ የተጻፈውም ቁጣው ስለሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ከመናገር በላይ እንዳይገደድ ይደነግጋል። ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ እንዲጽፍ፣ ውጊያው ሲያበቃ ሳይዘገይ እንዲመለስ፣ ከሞተም መቃብሩ ምልክት እንዲኖረው ያዛል።

ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው በነሐሴ 1992 ነበር፤ እስከዚያም ቀይ መስቀል ምርኮኞችን እንዲጎበኝ አልፈቀደችም። ይሁን እንጂ የሁለቱን አገሮች የጦርነት ካሳ ጥያቄ የዳኘው የኤርትራና የኢትዮጵያ የይገባኛል ኮሚሽን በ1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የስምምነቱ ድንጋጌዎች በልማዳዊ ሕግነታቸው፣ ማለትም ስምምነቱን ያልተቀበለንም አገር የሚይዙ በመሆናቸው፣ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ እንደሚያስገድዱ ገልጾ፣ ጉብኝቱን በመከልከሏ ተጠያቂ አድርጓታል። ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነትም በታኅሣሥ 1993 ሲፈረም ሁለቱም ወገኖች ምርኮኞችን ሊለቁ ቃል ገብተው ነበር። ኢትዮጵያ የመጨረሻዎቹን በኅዳር 1995 ስትለቅ 1,287 ሰዎች ተመለሱ። ኤርትራ ቀደም ብላ ከለቀቀቻቸው መካከል ኮሎኔል በዛብህ አልነበሩም።

ምርኮኛ ከሃገሩ ጥያቄ ሲኖርለት ምን እንደሚሆን አይተናል። አብራሪው ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በኤፍ 5 ጄት ከሶማሊያ አብራሪዎች ጋር ተዋግተው፣ ተመትተው ተማርከው አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታሰሩ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ከ3,000 በላይ ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ሲመለሱ እርሳቸውም ተመለሱ፣ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይም ተሸለሙ። ዘግይቷል፣ በጣም ዘግይቷል፤ ሆኖም መጡ።

ስለ አንድ ሰው ብቻ ለምን? የሚለኝ ይኖራል። በእድራችን አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው በቅርቡ በሰሜኑ ጦርነት ሄዶ ወሬው ጠፋ። እድሩ ገንዘብ የሚከፍለው፣ ድንኳንም የሚተክለው መርዶ ሲረዳ ነው። ጸሐፊው በትሕትና ጠየቋቸው፤ “ለማን ላልቅስ?” አሏቸው፣ ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው የወሩን መዋጮ ከፍለው ሄዱ። ከእርሳቸው ቤት ልቅሶ አልተደረገም፣ ተስካር አልወጣም፣ አልጋውም እንደተነጠፈ ነው። የአንድ ታዋቂ ኮሎኔል ጉዳይ ካልተጠየቀ የእኚህን እናት ልጅ ማን ይጠይቅላቸዋል?

በሐምሌ 2010 የአዲስ አበባና የአስመራ መሪዎች ሲተቃቀፉ እኔም ከሕዝቡ ጋር አልቅሻለሁ። ያ ጥያቄ መቅረብ የነበረበት ያኔ፣ በሮች ሁሉ ተከፍተው ሳለ ነበር፤ ቀርቦ ከሆነም መልሱ ለሕዝብ አልተነገረም። አሁን ግንኙነቱ ሻክሯል። ግን በመከፋት ጊዜም ቢሆን ቀይ መስቀል አለ፣ ሦስተኛ ሃገርም አለ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና መከላከያ በስማቸው ደብዳቤ ጽፈው፣ መልሱን፣ መልስ ካጡም ዝምታውን ለቤተሰቡና ለሕዝቡ ይንገሩ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በሕይወት አሉ? ካሉ የት ናቸው? ከሞቱስ መቼ ሞቱ፣ የት ተቀበሩ?